ለመኪና ውስጠኛ ክፍል የሚውል በስባሽ ፕላስቲክ የሚለቀውን ኬሚካል እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ወርዶ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። በዚህ ሙቀት ማንኛውም ፕላስቲክ በውስጡ የቀሩትን ተናኝ (በቀላሉ ወደ አየር የሚተኑ) ኬሚካሎች ወደ ጋቢናው አየር ይለቃል፤ ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የተሠራው በስባሽ ፕላስቲክም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም በውኃና በሙቀት ሊፈታ የሚችል ሆኖ መሠራቱ ከተጣለ በኋላ ይጠቅማል እንጂ፣ ገና በማሽን ውስጥ ሳለ መፈታት ከጀመረ ያው ባሕርይ የልቀቱ ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ ልቀቱን ለመቀነስ የሚደረገው ጥረት በአብዛኛው ፕላስቲኩ ቅርጽ ከመያዙ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ከበስባሽ ፕላስቲኮች በብዛት የሚሠራበት ፖሊላክቲክ አሲድ ሲፈታ ላክታይድና አሴታልዴይድ የተባሉ ተናኝ ኬሚካሎች ይወጡታል። የቻይና መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ለመኪና ውስጥ አየር ባወጣው መመሪያ ከዘረዘራቸው ስምንት ኬሚካሎች አንዱ አሴታልዴይድ ሲሆን፣ የተፈቀደለት መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.05 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም ለፎርማልዴይድ ከተፈቀደው 0.10 ሚሊ ግራም ግማሽ ነው። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ መንገዶች የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከቻይና የሚመጡ በመሆናቸው፣ ለእነርሱ መለዋወጫ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር ከወዲሁ ቢይዘው ይበጀዋል።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ እርጥበትን ማስወጣት ነው። የፖሊላክቲክ አሲድ እንክብሎች ወደ ማሽን ከመግባታቸው በፊት የውኃ ይዘታቸው ከ0.025 በመቶ በታች መውረድ አለበት፤ ይህም በደረቅ አየር ማድረቂያ በ80 ዲግሪ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይሁን እንጂ ይህ ሙቀት የሚሠራው ክሪስታል ለሠሩት፣ ነጣ ብለው ለሚታዩት እንክብሎች ነው። ብርሃን የሚያሳልፉት እንክብሎች በዚህ ሙቀት እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ ከ50 ዲግሪ ሳያልፉ ለረጅም ሰዓት መድረቅ ይኖርባቸዋል። በሐምሌና በነሐሴ ከረጢት ከፍቶ ማሳደር የለብዎትም፤ የደረቀውም እንክብል ክፍት አየር ላይ ከቆየ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል። መድረቁን በቀላሉ ለመመርመር ጥቂት እንክብሎችን በሁለት ትንንሽ መስታወቶች መካከል አድርገው በጋለ ምጣድ ላይ ያቅልጧቸው፤ ከዚያም በወረንጦ ተጭነው ይመልከቱ። የቀለጠው ፕላስቲክ ጥርት ካላለና ደቃቅ አረፋ ከታየበት ገና ውኃ አለበት። ይህ ዘዴ በመሣሪያ የሚደረገውን ልኬት አይተካም፤ ነገር ግን ያልደረቀ ጥሬ ዕቃ ወደ ማሽን እንዳይገባ ያስቆማል።

ቀጥሎ ሙቀቱን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ፕላስቲኩ በደንብ እስከፈሰሰ ድረስ ሙቀቱን ከ200 ዲግሪ በታች ማድረግ ይመረጣል፤ በጋለው በርሜል (ፕላስቲኩ በሚቀልጥበት የማሽኑ ቱቦ) ውስጥ የሚቆይበትም ጊዜ ማጠር አለበት። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢቆም፣ ሥራው ሲቀጥል በርሜሉ ውስጥ የቆየውን ፕላስቲክ አስወጥቶ ማስወገድ እንጂ ለዕቃ ማዋል አይገባም። የማደባለቂያው ማሽን አየር መሳቢያ ቫኪዩም ካለው ያለ ማመንታት ይጠቀሙበት፤ ላክታይዱን ከቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ የሚያወጣ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ፕላስቲኩን ለማጠንከር ቃጫ መቀላቀል ለወሎ አምራች የሚመች ሐሳብ ነው፤ በእኔ እምነት ተስፋ የሚጣልበትም ነው። ችግሩ በውኃ ተዘፍዝፎ የወጣ ቃጫ የመዘፍዘፊያውን ክርፋት ይዞ መቅረቱ ነው፤ ይህ ሽታ መኪናው ሲግል ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ቅጠሉ እርጥብ እንዳለ ተፍቆ የወጣውን ቃጫ በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ በፀሐይ ካሰጡት በኋላ በማድረቂያ ደግሞ ማድረቅ ይገባል። ቃጫም ከ200 ዲግሪ ካለፈ ማረር ስለሚጀምር፣ ከላይ ያለው የሙቀት ገደብ ለእርሱም ያገለግላል።

የሚገጠምበትም ቦታ ይለያያል። ተራ ፖሊላክቲክ አሲድ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚለሰልስ ለዳሽቦርድ አይሆንም፤ ለወለል ምንጣፍና ለዕቃ መጫኛ ልባስ ግን ይሆናል። ቶዮታም በ2003 እ.ኤ.አ. ራውም በተባለው መኪናው ላይ የተጠቀመበት ለትርፍ ጎማ መሸፈኛ ነበር። ዕቃው ሲለበስም ማስቲሽ አይጠቀሙ፤ ማስቲሹን ከሚያቀጥነው ፈሳሽ (አሟሚ) የሚተነው ኬሚካል ከፕላስቲኩ ከሚወጣው ሁሉ ሊበልጥ ይችላልና። በስፌት፣ በመቆለፊያ ወይም በውኃ በተሠራ ሙጫ ማያያዝ ይሻላል። የመኪናው ባለቤት በበኩሉ መኪናውን ጥላ ሥር ማቆምና ከመንዳቱ በፊት በሮቹን ከፍቶ ማናፈስ ይችላል፤ ሽታውን በሽቶ መሸፈን ግን ሌላ ኬሚካል መጨመር ነው።

በመጨረሻ ዕቃው ከመሸጡ በፊት የሽታ ፈተና ይደረግ። ቪዲኤ 270 የተባለው የጀርመን መኪና አምራቾች ማኅበር ዘዴ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ከዕቃው ትንሽ ቁራጭ አንድ ሊትር በሚይዝ ንጹሕ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ተከድኖ በ80 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ወደ 60 ዲግሪ ሲበርድ ክዳኑ ጥቂት ተከፍቶ ይሸተታል፤ ከ1 እስከ 6 ነጥብም ይሰጠዋል። አንድ ማለት ምንም የማይሸት፣ አራት የሚያውክ፣ ስድስት የማይቻል ነው። የሚያሸቱት ሰዎች ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ አፍንጫው ሽታውን የለመደ የማሽን ሠራተኛ፣ ወይም ዕጣን ጤሶ ቡና ከተጠጣበት ቤት በቀጥታ የመጣ ሰው አይሁን። ውጤቱ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ያ ዙር ምርት አይሸጥ፤ የማድረቂያውና የሙቀቱ መዝገብ ተገልጦ ስሕተቱ የት እንደሆነ ይፈለግ።