እንግዳ የሚበዛበት የደጋ ቀበሌ ስትመሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምንጭ በመስከረም አይለካም። ከአንኮበር እስከ መንዝ ባሉት ደጋማ መንደሮች በሥራ ስዘዋወር ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ የዚህን ያህል ያበሳጨኝ የለም። ክረምቱ እንደወጣ፣ ገደሉ ሁሉ ፏፏቴ በሆነበት ሰሞን ባለሙያ ይጠራል። ምንጩ ሲንዶቆዶቅ ይታያል፤ "ውሃማ ሞልቶናል" ይባላል፤ ለሎጁም፣ ለእንግዳ ማረፊያውም፣ አዲስ ለተከፈተው ምግብ ቤትም መስመር ይፈቀዳል። ከዚያ ግንቦት ይመጣል።

ስሌቱ ከማንም አቅም በላይ አይደለም። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ከምንጩ አፍ ሥር ደቅናችሁ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር ስለነበር፣ ይህ ከ1,700 ለሚበልጥ ሰው ይበቃል። ያው ጄሪካን በግንቦት መጨረሻ ለመሙላት 3 ደቂቃ ቢወስድስ? የቀኑ ውሃ ወደ 9,600 ሊትር ይወርዳል፤ የሚያጠጣውም 384 ሰው ብቻ ነው። በዚህ ላይ አንድ እንግዳ ደህና አድርጎ ገላውን ሲታጠብ የሁለት ወይም የሦስት ነዋሪ የቀን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው በዓመቱ ትንሹ ቁጥር ተሰልቶ ነው። ምንጩን ከክረምቱ በፊት ለኩ፤ በልግ በቀረበት ዓመት ደግሞ ከመጋቢት ጀምራችሁ ለኩ። ቁጥሩን በደብተር ያዙት፤ ደብተሩም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አይውጣ።

ይህ ባለመደረጉ የደረሰውን በአንዲት ቀበሌ አይቻለሁ። የሎጁ መስመር ከሕዝቡ ቦኖ በላይ ተቀጠለ። ከላይ ያለው ቧንቧ ሲከፈት ታች ያለው ቦኖ አየር ብቻ ይተፋል። ሴቶቹ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው በዚያ ውርጭ ይሰለፋሉ። አንዲት እናት ወደ ቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ እንግዳው ገላውን ይታጠብ፣ ግድ የለም፤ እኛ ግን ለሊጥ አጣን" አሉት። እሱም ለወረዳው እንደሚጽፍ ነገራቸው። ሳምንት ሳይሞላ ቧንቧው በሌሊት ተቆርጦ አደረ። ማን እንደቆረጠው መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን አልነበረም፤ ባለመናገሩም አልፈርድበትም። ሎጁ ውስጥ እንግዶች ነበሩ፤ ውሃ ሲያጡ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ደብረ ብርሃን ወረዱ። ከሎጁ ሠራተኞች አብዛኞቹ የዚያው መንደር ልጆች ስለነበሩ የሥራ ቀናቸው አብሮ ቀረ።

ነገሩን የፈቱት ሽማግሌዎች ናቸው። ሎጁ የራሱን ማጠራቀሚያ ሠራ፤ ማጠራቀሚያው የሚሞላው ሰው በማይቀዳበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሆነ። ቆጣሪ ገባለት፤ የሚከፍለው ገንዘብ የቦኖዎቹ መጠገኛ እንዲሆን ተወሰነ። ይህንን ስምምነት ከመጀመሪያው፣ መስመር ሳይዘረጋ ከማድረግ የሚያግድ ምንም አልነበረም። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከሌለ የምንጩ ግማሽ ማንም ሳይጠቀምበት ወደ ገደል ይወርዳል፤ እንግዳውንና ነዋሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣላው ይህ ነው።

በውሃው ላይ እያለሁ፦ ቧንቧ ከመሬት በላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭ በሌሊት ያፈነዳዋል፤ ውርጭ ቢምረው የከብት ኮቴ አይምረውም።

መጸዳጃ ቤት ሠርቶ መቆለፍ ሁለተኛው ነው። ገደሉን ለማየት እንግዳ በሚቆምበት ቦታ ላይ ጥሩ መጸዳጃ ቤት ይሠራል፤ ይመረቃል፤ ከዚያ "እንዳይበላሽ" ተብሎ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ስብሰባ በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል። እንግዳው ከቁጥቋጦው ጀርባ ይሄዳል፤ ከቁጥቋጦው በታች ደግሞ የሰው ምንጭ አለ። መጸዳጃ ቤት ያለ ጠባቂ፣ ያለ ውሃና ያለ ሳሙና አይሠራም፤ የጠባቂው ደመወዝ ከግንባታው ቀድሞ መታሰብ አለበት። በጀት ለአንድ ብቻ ከበቃ ለገበያተኛው ሥሩ፤ በገበያ ቀን ያለው ሕዝብ ከዓመቱ እንግዳ ይበልጣል፤ እንግዳውም እዚያው ይጠቀማል።

ገንዘብ በነጭ ወረቀት አትቀበሉ። የመግቢያም ሆነ የድንኳን መትከያ ክፍያ በሞዴል 64፣ በመንግሥት የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፣ ካልተቆረጠ የመንግሥት ገቢ አይደለም፤ ተቀባዩ ንጹሕ ሰው ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም። ታማኝ የነበሩ ልጆች በዚህ ምክንያት ስማቸው ሲጠፋ ማየት ያማል። የክፍያውን ተመን በትልቁ ጽፋችሁ በር ላይ ስቀሉ፤ የአስጎብኚዎችንና የበቅሎ አከራዮችን ተራም እንዲሁ። በቃል የተያዘ ተራ ጥምቀት ሰሞን ዱላ ያማዝዛል።

እዚህ ላይ ከመንዝ የምንማረው አለ። ጓሳ የሚባለውን የመንዝ የሣር ደጋ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው ቀሮ የሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ ሲደርስ በጋራ ስምምነት ይከፈታል፤ ለክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ (ከሣር ለሚሠራ የዝናብ መከለያ) የሚሆነው ይታጨዳል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠብቀውም ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን እስኪያፈርሰው ድረስ ያ ሁሉ ደጋ የተዳደረው በዚህ ነበር። የእኛ ቀበሌዎች ደንብ የሚወጣው ግን በአምስት ሰው ስብሰባ ነው፤ ከቃለ ጉባኤው ውጭ የሚያውቀው የለም። ደንብ ስታወጡ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያው መሐል፣ በዕድር ላይ አስነብቡት። ያልሰማውን ሰው መቅጣት ነውር ነው።

ስለ ቆሻሻ ብዙ ማለት ባያስፈልግም አንድ ነገር ግን ይታወቅ። የሎጅና የምግብ ቤት ትራፊ ሜዳ ላይ ሲጣል ውሻ ይሰበስባል፤ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር የትም የለም፤ ጓሳ ካሉት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ጭላዳውም የሰው ምግብ ከለመደ ከገደሉ ወደ ገብስ ማሳው ይወጣል፤ ገበሬው ሲያባርረው ደግሞ ጥፋተኛ የሚባለው ገበሬው ነው። ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከምንጭ በታች ይሁን፤ በአጥር ከልሉት፤ ምግብ ቤቶቹም ያለ ጉድጓድ ፈቃድ አያሳድሱ።

የድጋፍ ደብዳቤ በችኮላ አትጻፉ። "ገደሉ አፍ ላይ ትንሽ ቤት ልሠራ ነው፣ ለብርድ መከለያ" የሚል ሰው ማህተም ይዞ ከሄደ በኋላ ፎቅ ያቆማል። የቀበሌ ማህተም የመሬት ፈቃድ አለመሆኑን ለሰውየው በግልጽ ንገሩት፤ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ላኩት።

በገበያ ቀን ቢሮ መዝጋትን በተመለከተ ትዕግሥቴ አጭር ነው። ከቆላው ሥር ሦስት ሰዓት ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው "ስብሰባ ሄዷል" ተብሎ የሚመለስበት ቀበሌ እንግዳ ቢያስተናግድ ምን ይጠቅማል? ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ይቅር። ልደት በ90 ቀን፣ ሞትና ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለባቸው የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይደነግጋል፤ እናት ልጇን አዝላ አንድ ጊዜ ከተመለሰች ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች፤ ሕፃኑም ትምህርት ቤት ሲገባ ያለ ወረቀት ይቀራል።

የመንገዱን የጎርፍ ማፋሰሻ ቱቦዎች ሰኔ ሳይገባ አስጠርጉ። መንገዱ ከተቆረጠ የሚታገደው የእንግዳ መኪና ብቻ አይደለም፤ አምቡላንሱም ነው። ጭጋግ በወረደ ቀን ከገደል አፋፍ የወደቀ ሰው ሲገኝ ቃሬዛው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚሸከም፣ ስልክ የሚሠራው የትኛው ጉብታ ላይ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። የቧንቧና የመገጣጠሚያ ግዥ ጥያቄ ከሚያዝያ በፊት ወረዳ ካልደረሰ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፤ ውሃው በጠፋበት ወር መለዋወጫ የላችሁም ማለት ነው።

ስትዛወሩም ባዶ ክፍል አታስረክቡ። ያላለቁት የሞዴል 64 ጥራዞች በተከታታይ ቁጥራቸው፣ የመጸዳጃውና የማጠራቀሚያው ቁልፎች፣ የአስጎብኚዎች የተራ ዝርዝር፣ ከሎጁ ጋር የተፈረመው የውሃ ስምምነትና የምንጩ ደብተር በርክክብ ሰነዱ ላይ አንድ በአንድ ይስፈሩ፤ ተተኪያችሁን ምንጩ ድረስ ወስዳችሁ ጄሪካኑን አብራችሁ ሙሉ።