ከኪኒኑ በፊት፦ ስንፈተ ወሲብን ለመታከም ከየት እንደሚጀመር

እኔ የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ላይ ብልቴ እንደ ድሮው አልቆም አለኝ። ዓመት ተኩል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ቀን ፒያሳ አካባቢ የማውቀው ሰው ከኪሱ ሁለት ሰማያዊ ፍሬ አውጥቶ ሰጠኝ። ማሸጊያው በመቀስ ተቆርጧል። ስሙ ግማሹ ብቻ ነው የሚነበበው፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ጭራሽ የለም። ማታ ጥብስ በላሁ፣ ሁለት ቢራ ጠጣሁ፣ አንዱን ፍሬ ዋጥኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ምንም የለም። ሁለተኛውን ደገምኩ። ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ብድግ ስል ዓይኔ ጨለመብኝና በሩ ሥር ወደቅኩ። ባለቤቴ መብራት አብርታ ደግፋ ስታነሳኝ ሁሉንም ነገርኳት። ያንን ዓመት ተኩል ሙሉ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏት ኖሯል።

ያንን መንገድ አትሂድ። ቀጥሎ ያለው መሆን የነበረበት ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ፣ ችግሩ ይሄ መሆኑን እወቅ

አንድ ሁለት ቀን እምቢ ማለቱ በሽታ አይደለም። ድካም፣ ጭንቀት፣ መጠጥ ያደርገዋል። ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብ የሚሉት ብልት ለግንኙነት በሚበቃ ሁኔታ አለመቆሙ ወይም ቆሞ አለመቆየቱ በተደጋጋሚ ሲከሰት፣ አብዛኛውን ጊዜም ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ነው።

ቤትህ ሆነህ አንድ ነገር ማየት ትችላለህ። ጠዋት ስትነቃ ብልትህ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ደም ስሩና ነርቩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከጭንቀት፣ ከድብርት ወይም በቤት ውስጥ ካለ ቅሬታ ይመጣል። ጠዋትም ቀስ በቀስ እየጠፋ ከሄደ ግን አካላዊ ምክንያት ይጠረጠራል። ይህ ጠቋሚ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። መልሱን ይዘህ ሐኪም ፊት ቅረብ።

ለሚስትህ ንገራት

በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «አንቺ አይደለሽም፣ እኔን አሞኛል፣ ልታከም ነው» በላት። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ባልሽ ድንገት ዘግይቶ መግባት፣ ቶሎ መተኛት ወይም ፊቱን ማዞር ከጀመረ ይህም ሊሆን እንደሚችል አስቢ።

ሐኪም ቤት

በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፣ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮችም አሉ። ለመጀመሪያው ምርመራ ትልቅ ቦታ አያስፈልግም። ደም ግፊትና ስኳር መለካት የሚችል ማንኛውም ጤና ጣቢያ ይበቃል።

የሚከብደው መናገሩ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ገብቼ «ወገቤን ያመኛል» ብዬ የወገብ ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ። ሐኪሙ አልተሳሳተም፣ የነገርኩትን ነው ያከመው። ሁለተኛ ስሄድ ዓረፍተ ነገሩን ቤቴ ተለማምጄው ነበር፦ «ዶክተር፣ ብልቴ እንደ በፊቱ አይቆምም። ዓመት ተኩል ሆነኝ። ጠዋትም የለም።» አለቀ። ሰማይ አልተደፋም። ካርድ ክፍል ላይ ምክንያቱን መዘርዘር የለብህም፣ «ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ» በል። በሩ ተከፍቶ ሰው የሚተራመስ ከሆነም «ይዘጋልኝ» ማለት መብትህ ነው።

የምትወስዳቸውን መድሃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ። አንዳንድ የደም ግፊት መድሃኒቶች፣ በተለይ የሚያሸኑትና እንደ አቴኖሎል ያሉት፣ እንዲሁም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድብርት መድሃኒቶች ራሳቸው ይህን ችግር ሊያመጡ ይችላሉ። ሐኪሙ በሌላ ሊለውጥልህ ይችላል። አንተ ግን በራስህ እንዳታቆም። የደም ግፊት ኪኒን ጥሎ ስትሮክ መግዛት የለም።

የሚጠበቁት ምርመራዎች ብዙ አይደሉም፦ ደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የሚታይ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ እንደ ሁኔታው ደግሞ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን። ሆርሞኑ በጠዋት ስለሚበዛ ደሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ይደገማል።

የእኔ ደም ግፊት 165 በ100 ሆነ። የባዶ ሆድ ስኳሬ 148። መስመሩ 126 ነው፣ ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደገም ስኳር በሽታ ይባላል። ሁለቱም እንዳሉብኝ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ የነገረኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የብልት ደም ስር ከልብ ደም ስር ይጠባል። ስኳር፣ ግፊት፣ ሲጋራና ስብ ደም ስርን ሲጎዱ መጀመሪያ የሚታወቀው በጠባቡ በኩል ነው። ስለዚህ ይህ ችግር ከልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ ደወል ሊሆን ይችላል። እኔ ደወሉን በተቆራረጠ ኪኒን ላፍነው ስታገል ነበር።

መሠረቱን ማስተካከል

ሲጋራ ማቆም፣ መጠጥ መቀነስ፣ ጫት መተው፣ ስኳርና ግፊትን መቆጣጠር፣ መተኛት። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ አላረዝመውም። ስለ እርምጃ ብቻ ልናገር። በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ ያህል ላብ በሚያወጣ ፍጥነት መሄድ፣ ለስድስት ወር። ጎንደር ለዚህ የተመቸች ናት፣ ዳገት የት ይጠፋል። እኔ ወደ ጎሃ የሚወስደውን ዳገት መረጥኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ቦታ እቆም ነበር። ጂም መክፈል ግዴታ አይደለም።

ኪኒኑ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ

ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ሁለት ናቸው፣ ሲልደናፊልና ታዳላፊል። ቪያግራ የሚባለው ሲልደናፊል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ከመፈቀዱ በፊት የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው፣ ወደ ታች ተመልሼ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ኪኒኑ ፍላጎት አይፈጥርም። ሰው ሲነቃቃ ነርቮቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ነገር ይለቃሉ፣ ደም ስሩ ይላላል፣ ደም ይገባል። ኪኒኑ ይህ ሥራ ቶሎ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። መነቃቃት ከሌለ የሚያግዘው ነገር የለም። ውጦ ግድግዳ እያዩ መጠበቅ ዋጋ የለውም። እኔ ያን ሌሊት ያደረግኩት ይሄንኑ ነው፣ ሰዓት ስቆጥር ነበር።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ሲልደናፊልን ቅባት የበዛበት ምግብ ላይ ከዋጥከው ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው፣ አቅሙም ይቀንሳል። እኛ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ጾሙን ከባለቤቱ ተለይቶ ይቆያል። ጾሙ ሲፈታ ማታ ቅቤ የተነጠረበት ዶሮ ወጥ በልቶ፣ ጠላ ጨምሮ፣ ኪኒኑን ይውጣል። አይሠራም። «መድሃኒቱ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይጥለዋል። ችግሩ ቅቤው ነው። በእንዲህ ያለ ቀን እራቱን ቀለል አድርገህ ቀደም ብለህ ብላ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት። ሁለት ሰዓት ቆይተህ ዋጥ። ከዋጥክ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ስጠው። ከዚያ ለአራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ታዳላፊል ግን ምግብ አያግደውም፣ እስከ 36 ሰዓትም ይቆያል። ይህ ማለት ብልት 36 ሰዓት ይቆማል ማለት አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስትነቃቃ ያግዛል ማለት ነው። እንደ እኔ ሰዓት መቁጠር ለሚያስጨንቀው ሰው ታዳላፊል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ የሚወሰድ 5 ሚሊግራምም አለው።

ሦስተኛው መጠን ነው። ሲልደናፊል አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሚሊግራም ይጀመራል። ዕድሜው ከ65 ለበለጠ ወይም ኩላሊትና ጉበቱ ለታመመ ሰው በ25 ይጀመራል። ጣሪያው 100 ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ። እምቢ ሲል መድገም የለም። እኔን በሩ ሥር የጣለኝ መድገሜ ነው፣ ቢራውም ጨምሮበት።

አራተኛው ትዕግስት ነው። በትክክል እየወሰድክ ስድስት ስምንት ጊዜ ሳትሞክር አይሠራም አትበል። ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የአፍንጫ መዘጋት፣ የጨጓራ ማቃጠል የተለመዱ ናቸው። ታዳላፊል ወገብ ሊያም ይችላል። ዓይን ወይም ጆሮ ድንገት ከጠፋብህ አቁመህ ወደ ሐኪም ሩጥ። ቆሞ ከአራት ሰዓት በላይ አልተኛ ካለም በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ልብ እመለሳለሁ። ለደረት ውጋት የሚሰጡ ናይትሬት የሚባሉ መድሃኒቶች አሉ፤ ምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪን፣ አይሶሶርባይድ። እነሱም ደም ስር የሚያላሉት በዚያው በናይትሪክ ኦክሳይድ መንገድ ነው። ከእነዚህ ኪኒኖች ጋር ሲገናኙ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ሰው ይሞታል።

እኔ ከተሻለኝ በኋላ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ጠጋ ብለው «እስቲ ከዚያችው ግማሿን» አሉኝ። ልሰጣቸው እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር። እንዲያው አፌ ላይ መጣልኝና «ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድሃኒት አለ?» አልኳቸው። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። «ይቺ እንኳ ደረቴን ሲወጋኝ ምላሴ ሥር የማደርጋት ናት» አሉ። እጄን ባዶውን ከኪሴ አወጣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ፍሬ አልሰጥም፣ ለወንድሜም ቢሆን። አንተም አትስጥ፣ አትቀበልም።

ሲልደናፊል ወስደህ ደረትህን ከወጋህ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምትናገረው ይህን ነው፦ «ይህን ኪኒን በዚህ ሰዓት ወስጃለሁ።» ለሲልደናፊል 24 ሰዓት፣ ለታዳላፊል 48 ሰዓት ናይትሬት አይሰጥህም። በቅርቡ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ የነበረበት፣ ለፕሮስቴት እንደ ታምሱሎሲን ያለ የሚወስድ፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድሃኒት ላይ ያለ ሰውም ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር። ሁለት ፎቅ ደረጃ ስትወጣ ደረትህን የሚጨምቅህ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ልብህ ይታይ።

ስለ ማሩ፣ ስለ ቡናውና ስለ ዱቄቱ

«ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው የሚሸጡ ማሮችና ቡናዎች አሉ። እንዲህ ያሉ ምርቶች በተለያዩ አገሮች ሲመረመሩ ውስጣቸው ሳይጻፍ የተቀላቀለ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቶባቸዋል። መጠኑን የሚያውቅ የለም። ጋሼ ያንን ማር ቢልሱት ኖሮ ያው ነበር። ጸበልህን ጠጣ፣ ጸሎትህን አድርስ፣ የስኳር መድሃኒትህን ግን አታቋርጥ። «ተደግሞብህ ነው» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅህ ሰው ደግሞ በርህን አትክፈት።

ኪኒን ካልሠራ

በር አልተዘጋም። ጭንቀቱ ከበዛ የሥነ ልቦና ምክር፣ ቢቻል ከባለቤት ጋር ሆኖ። ወጣቶች ላይ በደንብ ሊረዳ ይችላል። ቴስቶስትሮን በምርመራ ዝቅ ብሎ ለተገኘ ሰው ብቻ ነው፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው ከውጭ ሲወስደው የዘር ሕዋሱ (ስፐርም) ቁጥር ይቀንሳል፣ ቀድሞ ይናገር። የቫኩም ፓምፕ አለ፤ አየር ስቦ ደም ያስገባል፣ ከሥር ቀለበት ይደረጋል፣ ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ብልት ላይ የሚወጋ አልፕሮስታዲል የሚባል መርፌ አለ፤ ሲሰሙት ያስፈራል፣ ቀጭን መርፌ ነው፣ ኪኒን እምቢ ያላቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይሠራል፣ የመጀመሪያው ግን ሐኪም ፊት ነው። የመጨረሻው በቀዶ ሕክምና የሚገባ መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ስለሌለ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያበቃ ነው የሚታሰበው። ለእነዚህ ወደ ዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሕክምና) ስፔሻሊስት ሪፈር ታጽፋለህ።

ቀጠሮ ስትመለስ

ትንሽ ደብተር ያዝ። ቀን፣ የበላኸው፣ የዋጥክበት ሰዓት፣ የሆነው። ሐኪሙ መጠን የሚጨምረው ወይም የሚለውጠው ይህን አይቶ ነው፣ «አንዳንዴ ይሠራል» የሚል መልስ አይረዳውም። የእኔ ደብተር ሦስተኛ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ። እራት ምስር፣ 1 ሰዓት። ኪኒን 3 ሰዓት። ራስ ምታት ትንሽ። ደህና።» ከሥሩ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አለ፦ «ግፊቱን ዛሬም አልተለካም።» በማግስቱ ሄጄ ተለካሁ። 135 በ85።