ለቆንጆ ቬስፓ የሚጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ ይገባው እንደሆነ እንዴት እንደሚመረመር

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ከዛፎቹ ጥላ ስር የቆመ ክሬም ቀለም ያለው ቬስፓ ያየ ሰው ዋጋውን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ዋጋውን የሰማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ይቀጥላል። በዚያው ገንዘብ አዲስ ባለ ፕላስቲክ አካል ስኩተር ገዝቶ የቤንዚን መግዣ ማትረፍ እየተቻለ ለአሮጌ ሞተር ይህን ያህል መክፈል የጤና አይመስልም። ሆኖም ነገሩ ከውበት ያለፈ ስሌት ስላለው፣ ውሳኔው በስሜት ወይም በሰው ወሬ ሳይሆን በምርመራ ቢሆን ይሻላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ርምጃዎች ለዚሁ ናቸው። የራሴን አቋም አስቀድሜ ልናገር፦ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ላሜራው ነው፤ ለቀለሙ የሚከፈለው ብር ተመልሶ አይመጣም።

ርምጃ 1፦ ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ይወቁ

ቬስፓን የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ፖንቴዴራ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 ማምረት ጀመረ። ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ሲሆን፣ ሞተር ብስክሌት ስለማይወድ የማይወዳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እያስወገደ ሠራው። ሰንሰለት ልብስ ስለሚያቆሽሽ ሞተሩን ከኋላ ጎማው ጎን አደረገው፤ ጎማ ለመቀየር እንዲቀል የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለብቻው የሚቆም ሻንሲ ሳያበጅለት፣ ሸክሙን ሁሉ በማሽን ተጭኖ ቅርጽ በወጣለት የላሜራ አካሉ ላይ ጣለው። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተከተለው ባለ ሦስት እግር ወንድሙ አፔ፣ ማለትም ንብ ተባለ፤ የድሬዳዋን መንገዶች የሞላው ባጃጅም በዘር ሲቆጠር ወደዚያ ቤተሰብ ይደርሳል።

ይህ ታሪክ ለገዢው ሁለት ተግባራዊ ትርጉም አለው። አንደኛ፣ የብረት አካል ሲጨራመት ባትላሜራ ሠሪ ቀጥቅጦ ይመልሰዋል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ለዓመታት ደርቆ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ግን ተመሳሳዩ ተፈልጎ መለወጥ አለበት፤ ብዙም የማይታወቅ የስኩተር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ተመሳሳዩ አይገኝም። ሁለተኛ፣ አካሉና ሻንሲው አንድ ስለሆኑ ላሜራው የበሰበሰ ቬስፓ ሻንሲው የበሰበሰ ቬስፓ ነው፤ ሞተር ይለወጣል፣ ላሜራው ግን ራሱ ተሽከርካሪው ነው። ወለሉ ሜዳ መሆኑ ሽርጥ ለታጠቀም ድሪያ ለለበሰችም እኩል የሚመች ከመሆኑም በላይ፣ ከገበያ የተገዛ ኩንታል ባይሆንም ግማሽ ኩንታል በእግር መካከል ያስቀምጣል።

ርምጃ 2፦ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

«ቬስፓ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ቬስፓ አይደለም። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ሲያመርት ቆይቶ፣ ፈቃዱ ካበቃ በኋላ ቼታክ በሚል ስም የራሱን ቀጠለ፤ ኤልኤምኤል የተባለው ሌላው የህንድ ኩባንያም ፒኤክስ የተሰኘውን የቬስፓ ሞዴል ተከትሎ ሠርቷል። እነዚህ መጥፎ ሞተሮች አይደሉም። እንዲያውም ለየዕለት ሥራ የሚፈልግ ሰው በርካሽ ቢያገኛቸው እኔ ግዛ እለዋለሁ። ችግሩ የጣሊያኑ አርማ ከፊት ተለጥፎባቸው በጣሊያኑ ዋጋ ሲቀርቡ ነው። አርማ በሁለት ቀዳዳ የሚታሰር ጌጥ ስለሆነ አይመኑት፤ የሚታመነው የተመታው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ በወጣውና እስካሁን በብዛት በሚፈለገው ፒኤክስ ላይ፣ የአካሉ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ላይ ለባለ 125 ሲሲው ቪኤንኤክስ1ቲ (VNX1T)፣ ለባለ 200ው ቪኤስኤክስ1ቲ (VSX1T) ብሎ ይጀምራል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ያንኑ ይዞ መጨረሻው ላይ በቲ ፈንታ ኤም ይሆናል። ፊደሎቹ ካልገጠሙ ሞተሩ ከሌላ የመጣ ነው፤ ይህ ወንጀል ባይሆንም ዋጋ ያስቀንሳል።

አዲሶቹ ባለ አራት ምት ቬስፓዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ማርሻቸው አውቶማቲክ ነው፣ አካላቸው አሁንም ብረት ነው፣ ነገር ግን ሞተራቸው በኮምፒዩተር የሚመራ ስለሆነ መመርመሪያው በሌለበት ከተማ ሲቆሙ ይቆማሉ። በድሬዳዋና በሐረር ለሚኖር ሰው ከአሮጌው ይልቅ አዲሱ የሚያሰጋ መሆኑ እንግዳ ቢመስልም፣ ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲ ለምን ይህን ያህል ዘመን እንደቆየ ያሰበ ሰው ይገባዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት የጀመረው መኪና በከተማዋ የኖረው የሚያውቀው እጅ ስላልጠፋ ነው።

ርምጃ 3፦ ከሞተሩ በፊት መካኒኩን ያግኙ

አሮጌው ቬስፓ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ፣ በሁለት ምት ሞተር ላይ እጁን ያሟሸ፣ ከቤትዎ የማይርቅ አንድ መካኒክ ካላገኙ ፍለጋውን እዚህ ላይ ያቁሙ። ድሬዳዋ በባቡርና በባቡር ወርክሾፕ ያደገች ከተማ እንደመሆኗ የቶርኖ ሙያ አይቸግራትም፤ የጠፋ ቡሽ ወይም ብሎን አስቀርጾ መጠቀም ይቻላል። ፒስተን፣ ፋሻ፣ የፍሪሲዮን ሸራና የፍሬን ሸራ ግን ተገዝተው የሚመጡ ስለሆኑ፣ ዋጋቸውንና የሚመጡበትን ጊዜ በዚያው በሚገዙበት ሳምንት ይጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ያምናው የመለዋወጫ ዋጋ ለዘንድሮ አይሠራም።

መንዳቱ አያስጨንቅዎ። ማርሹ በግራ እጅ መያዣ እየተጠመዘዘ የሚገባ በመሆኑ ባጃጅ የነዳ ሰው በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል።

ርምጃ 4፦ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይድረሱ

ለሻጩ ከመምጣትዎ በፊት እንዳያስነሳው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ መዳፍዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ትኩስ ከሆነ፣ በቀዝቃዛው አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ስለሚችል በሌላ ቀን ይመለሱ።

ቀጥሎ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ወለሉን፣ ከፊት ያለውን የእግር መከለያና የኋላውን አካል ያስሱ። ማግኔቱ እንደ መዥገር የሚይዝበት ቦታ ላሜራ ነው፤ በቀስታ ተንሸራቶ የሚወድቅበት ቦታ ከቀለሙ ስር ስቱኮ፣ ማለትም ጉዳት የሚሸፈንበት ልስን፣ አለ። እንደ መዳፍ የሰፋ ስቱኮ የቆየ ግጭት ነው፤ ወለሉ በሙሉ ስቱኮ ከሆነ ግን የሚሸጥልዎት ቅርጽ እንጂ ተሽከርካሪ አይደለም። ከዚያ ምንጣፍ አንጥፈው ቬስፓውን በጎኑ ያስተኙና ወለሉን ከስር በቁልፍ መታ መታ ያድርጉ፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። የፍሬን ፔዳሉ ዙሪያና ወለሉ ከመከለያው ጋር የሚገናኝበት ማጠፊያ ውኃ ስለሚያቁር መበስበስ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ነው። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ለላሜራ ወዳጅ ነው፤ ለዓመታት በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ የኖረ ግን ጨው በልቶት ሊሆን ስለሚችል የት እንደኖረ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንጸባራቂ ቀለም የበለጠ ሊያጠራጥርዎ ይገባል። በእስያ አገሮች፣ በተለይ በቬትናም፣ ከሁለትና ከሦስት የተሰባበረ ቬስፓ ተቆራርጠው ተበይደው፣ ሁለት ቀለም ተቀብተው፣ ኒኬል ተደርጎባቸው ለውጭ ገበያ የሚሸጡ መኖራቸው የታወቀ ነው። ከእግር መከለያው እስከ ወንበሩ ስር ያለውን መሐል ክፍል በጣትዎ ይከተሉ፤ ፋብሪካው ያልበየደበት ቦታ ላይ እብጠት ካገኙ ብየዳው እርስዎን ተሸክሞ እንደሚሄድ ያስቡበት።

ከዚህ በኋላ ያስነሱት። ባለ ሁለት ምት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱ ተፈጥሮው ነው፤ ሲሞቅ መሳሳት አለበት። ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ይዩ፤ የቡና ቀለም ካለው ደህና ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፣ አመድ መስሎ ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶት እየተቃጠለ ነው።

ርምጃ 5፦ የሚነዱበትን መንገድ ከጎማው ጋር ያመዛዝኑ

የፒኤክስ ቸርኬ 10 ኢንች ብቻ ነው። ከዚራ ቀጥ ባሉት አስፋልቶቿ ለእንዲህ ዓይነት ጎማ የተሠራች ትመስላለች፤ አሸዋ ወደሚበዛበት ወደ ደቻቱ አካባቢ ሲሄዱ ግን ትንሹ ጎማ ይሰምጣል። በሐረር ጁገል ውስጥ የድንጋይ ንጣፉና ዳገቱ ወገብዎን ያስታውስዎታል፤ ጠባቦቹን መንገዶች ለማለፍ ግን ከቬስፓ የሚሻል አላየሁም። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ 1,900 ሜትር አካባቢ ባለችው ሐረር ሰው አፈናጠው የሚወጡ ከሆነ 125ቱን ትተው 150ውን ወይም 200ውን ይፈልጉ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለመመላለስ ካሰቡ ግን አንድ ነገር በሚገባ ይያዙ፤ እኔ የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ከሐረር የገዛሁት ቬስፓ ቤንዚን ይበዛበታል ብሎ አንድ መካኒክ ጂግለሩን፣ ማለትም በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ በትንሿ ለወጠልኝ። ለሐረር ስስ አየር ልክ ነበር። በዚያው ሳለ ሐረማያን አልፌ የደንገጎን ቁልቁለት ጋዝ ዘግቼ፣ በማርሽ እየያዝኩ ስወርድ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ቤንዚን ሲቋረጥ ዘይትም መቋረጡን ልብ አላልኩም። ሜዳው ላይ ደርሼ በድሬዳዋ ሙቀት ጋዙን ስከፍት ሞተሩ ግሪፕ አደረገ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣበቀ፤ የኋላ ጎማው ጭው ብሎ ተቆለፈ፣ ፍሪሲዮኑን በደመ ነፍስ ባልጨብጥ ኖሮ አስፋልቱ ላይ ነበርኩ። ሲሊንደሩ ሲፈታ ፒስተኑ በጥፍር የተቧጨረ ይመስል ነበር። ስለዚህ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርዱ ጂግለሩ ለድሬዳዋ የሚበቃ ይሁን፤ በቁልቁለቱም በየጥቂት ሰከንዱ ፍሪሲዮን ጨብጠው ጋዝ እየሰጡ ዘይት ያጠጡት። የዘይቱ መጠን ለፒኤክስ 2 በመቶ ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በጣም የቆዩት ሞዴሎች 5 በመቶ ስለሚፈልጉ ሳይጠይቁ አይቀላቅሉ።

ርምጃ 6፦ የአምስት ዓመቱን ሒሳብ ይሥሩ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌቱ ማሳያ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ተራው ስኩተር 180,000፣ ቬስፓው 300,000 ብር ተጠየቀ እንበል። ተራው ከአምስት ዓመት በኋላ በ60,000 ቢሸጥ 120,000 አስወጣዎት። ቬስፓው በ240,000 ቢሸጥ 60,000 ብቻ አስወጣ፤ በዓመት ከተራው 15,000 ብር ብልጫ ያለው ጥገና ቢፈልግ በአምስት ዓመት 75,000 ሆኖ ድምሩ 135,000 ይደርሳል። ልዩነቱ በዓመት 3,000 ብር ነው፤ ለዚህ ገንዘብ ሲባል ከውበት ጋር መጣላት አያስፈልግም። ላሜራው በስብሶ 90,000 ብር ብየዳና ቀለም ቢበላ፣ በዚያ ላይ በ150,000 ብቻ ቢሸጥ ግን ያው ቬስፓ 315,000 ብር ወስዷል። በሁለቱ መካከል የቆመው ያ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ነው። የራስዎን ቁጥሮች ያስገቡና ልዩነቱ ከአንድ ወር ገቢዎ ከበለጠ ይተዉት፤ ይህ የእኔ መስፈሪያ ነው፣ ሌላው ሰው ሌላ ሊኖረው ይችላል።

ርምጃ 7፦ ወረቀቱን ከብረቱ ጋር ያስተያዩ

ሊብሬውን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የዓመቱን ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድኑን በአንድ ላይ ይጠይቁ። ሻጩ «ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው» ካለ፣ ወረቀቱ ሲመጣ እንደሚመጡ በትሕትና ይንገሩት። ከዚያ በአካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር በነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ፈግፍገው ያንሡ፤ ዙሪያው የተሞረደ ወይም ፊደሎቹ አሰላለፋቸው የተንጋደደ እንደሆነ እርሳሱ ከዓይን በተሻለ ያሳያል። ያንን ወረቀት ከሊብሬው ጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያንብቡ፤ አንዲት ፊደል እንኳ ከተለያየች ቀብድ አይክፈሉ።