ሞተር ከተቀየረ በኋላ የሙቀት ጌጁ ሲዋሽ

አንድ ሃይሉክስ ፒክአፕ ተጎትቶ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። የራሱ 2.8 ሊትር 3ኤል ሞተር አርጅቶ ስለነበር ወርዶ፣ በምትኩ ሌላ ቦታ 3 ሊትር ባለ ቱርቦ 1ኬዜድ-ቲኢ ገብቶለታል። ባለቤቱ እንደነገረኝ፣ ሞተሩ ከተቀየረበት ቀን ጀምሮ የሙቀት ጌጁ መርፌ ከቀዝቃዛው ጫፍ ብዙም ከፍ ብሎ አያውቅም። «አዲሱ ሞተር አይሞቅም ማለት ነው» ብሎ ተጽናንቶ ነበር። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን አቀበቱን ሲያያዝ መርፌው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሃል ተጠጋ። እርሱም «ተመስገን፣ በራሱ ጊዜ ተስተካከለ» ብሎ ደስ አለው። ጥቂት እንደሄደ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። መርፌው ያን ጊዜም ከመሃል አላለፈም።

ይህን የምጽፈው ሞተር አስቀይሮ ጌጁን ማመን ለተቸገረ ሰው ነው።

ጌጁ የሚያነበው ምንድን ነው?

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ በቀጥታ አያውቅም። የሚያውቀው በአንዲት ሽቦ በኩል ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ ብቻ ነው። ሽቦዋ ሞተሩ ላይ ከተገጠመው ቡልቦ፣ ማለትም የውሃውን ሙቀት ከሚለካው ትንሽ ሴንሰር ጋር ትገናኛለች፤ የቡልቦው የብረት አካል ደግሞ በሞተሩ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይደርሳል። ውሃው ሲሞቅ የቡልቦው ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅም (በኦም የሚለካው) ይቀንሳል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ መርፌው ይወጣል። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ቡልቦው በ50 ዲግሪ 226 ኦም፣ በ115 ዲግሪ ደግሞ 26 ኦም ገደማ ያሳያል። ጌጁ የተሠራው ለእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሌላ ቁጥር ያለው ቡልቦ ከሰጡት ያንኑ በራሱ ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ መሳሳቱንም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ኮምፒውተር ባለው ሞተር ላይ ሁለተኛ ሴንሰር አለ። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ የሚሠራውም ለሞተሩ ኮምፒውተር እንጂ ለጌጁ አይደለም። በቶዮታ ይህ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ድረስ ያሳያል። እንግዲህ ከላይ ካለው የቡልቦ ቁጥር ጋር ያስተያዩት፦ ለኮምፒውተሩ 80 ዲግሪ የሆነው ነገር ለጌጁ 50 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይመስለዋል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ጎን ለጎንም ሊገኙ ይችላሉ። ሞተር ሲቀየር ከሚሠሩት ስህተቶች ትልቁ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ሁለተኛ ምስክር

ጌጁን ከመወንጀልዎ በፊት ትክክለኛውን ሙቀት በሌላ መሣሪያ ይለኩ። የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ ካለ ሞተሩን በደንብ አሙቀው ከቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ከሚዘጋው ክፍል) ቤት አጠገብ፣ ቡልቦው በተገጠመበት አካባቢ ያነጣጥሩ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ይህን መሣሪያ ያታልለዋል፤ ከእውነተኛው በታች ያነባል። ቦታው ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፈው ቴፑን ይለኩ። ሞተሩ በመመርመሪያ ማሽን የሚነበብ ከሆነ የኮምፒውተሩን ቁጥርም ይመልከቱ። ሁለቱ ተስማምተው ጌጁ ብቻ ከተለየ ችግሩ ከቡልቦው እስከ ዳሽቦርዱ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሦስቱም ሞቋል ካሉ ጌጁን ይተዉትና ራዲያተሩን፣ የውሃ ፖምፓውን፣ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን ይመርምሩ።

መርፌው ዝቅ ብሎ ይቀራል፣ ሞተሩ ግን ሞቋል

ይህ ከሁሉም የሚያስፈራው ምልክት ነው፤ ምክንያቱም አሽከርካሪው ምንም አይጠረጥርም። የሃይሉክሱም ነገር ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የጌጁን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንዎ ይከተሉ። በሃይሉክሱ ላይ ይህችን ሽቦ ስከተል ቡልቦው ጋ አልደረሰችም። የገባውን ሞተር የኮምፒውተር ሴንሰር ሽቦ ልጠው ከእርሱ ጋር አጣምረዋት በጥቁር ቴፕ ጠቅልለዋታል። የቡልቦው ቀዳዳ በቡሎን ተደፍኗል። ይህ ሲሆን ሁለት ነገር ይበላሻል። ጌጁ ከሚጠብቀው እጅግ የበለጠ ኦም ስለሚያገኝ ሞተሩ እየፈላ እንኳ መርፌው መሃል ለመድረስ ይታገላል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ በራሱ 5 ቮልት የሚያነበው መስመር ላይ ከዳሽቦርዱ ሌላ ኤሌክትሪክ ስለሚጨመርበት ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ያስባል። ባለቤቱን ስጠይቀው፣ መኪናው ከሞቀ በኋላም ቆሞ ሲሠራ ዙሩ ከፍ ብሎ ይቀር እንደነበር አስታወሰ። ያን ያህል ምልክት ሰጥቶ ነበር፤ ማንም ከጌጁ ጋር አላያያዘውም።

መፍትሄው የማያሻማ ነው፦ ለጌጁ የራሱ ቡልቦ፣ ለኮምፒውተሩ የራሱ ሴንሰር። አንዱን ለሁለቱ ማካፈል አይቻልም። ከሁሉ የሚሻለው ቡልቦ ከወረደው አሮጌ ሞተር ላይ የሚፈታው ነው፤ ከዳሽቦርዱ ጋር አብሮ የመጣው እርሱ ነውና። ስለዚህ አሮጌውን ሞተር ከመሸጥዎ በፊት ቡልቦውን ፈትተው ኪስዎ ያስገቡ። ከሸጡት በኋላ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ውስጥ ሲፈልጉ የሞተሩን ዓይነት ሳይሆን የዳሽቦርዱን ማለትም የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ይንገሩ። ሻጩ «የትኛው ሞተር ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥ ብለው የአዲሱን ሞተር ስም ከነገሩት የተሳሳተውን ይዘው ይመለሳሉ።

ጥርሱ ካልገጠመ አያስገድዱት። የቡልቦ ጥርስ ብዙ ጊዜ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ ቀጥ ያለ ጥርስ ባለው የአሉሚኒየም ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ካጠበቁት ቤቱን ይሰነጥቀዋል። ቶርኖ ቤት ወስደው ከነሐስ አጭር ማገናኛ ያሠሩ። አጭር ያልኩት በምክንያት ነው፦ ማገናኛው ረጅም ከሆነ የቡልቦው ጫፍ ከሚዘዋወረው ውሃ ርቆ በቆመ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ እንደገናም ዝቅ አድርጎ ያነባል። ቡልቦውን ራዲያተር ላይ ወይም በታችኛው ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ) ላይ የሚገጥሙም አሉ። እዚያ የሚያልፈው ራዲያተሩ ያቀዘቀዘው ውሃ ስለሆነ ስለ ቴስታታው ሙቀት ምንም አይነግርም።

ቡልቦው ትክክለኛው ሆኖ ሳለ መርፌው ዝቅ ካለ የማሳውን፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር ግንኙነት ይፈትሹ። ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፕ እጥፍ ድርብ ተጠምጥሞ ወይም ሞተሩ ሲገባ ቀለም ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። በቴስተር ከቡልቦው ብረት እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ይለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ሞተር ሲቀየር ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ወፍራም የማሳ ሽቦ መልሶ ማሰርን መርሳት የተለመደ ነው።

አንድ የሚቀር ምክንያት አለ፤ እርሱም ጌጁ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። አገራችን ውስጥ ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል እንደ ሕክምና ይቆጠራል። ሁለተኛው ምስክር ራሱ ከ70 በታች የሚያሳይ ከሆነ ሞተሩ በእውነት ቀዝቃዛ ነው፤ ቴርሞስታቱ ይመለስለት።

መርፌው ከፍ ይላል፣ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው

ቁልፉ ገና እንደዞረ፣ ሞተሩም ሳይነሳ መርፌው ጫፍ ከወጣ ሽቦዋ የሆነ ቦታ ተልጣ ብረት ነክታለች። ከቡልቦው ላይ ይንቀሏት፤ መርፌው ወደ ታች ካልወረደ የተላጠውን ቦታ ይፈልጉ። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ቢጀምሩ አይቆጭዎትም።

ቀስ ብሎ እየወጣ ከትክክለኛው በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ኦሙ የሚያንስ የሌላ መኪና ቡልቦ ተገጥሟል። የፊት መብራት ሲያበሩ ወይም ፍሬን ሲይዙ መርፌው የሚዘል ከሆነ ደግሞ ቡልቦውን አይንኩት፤ የዳሽቦርዱ የራሱ ማሳ ነው የላላው። የነዳጁ ጌጅም አብሮ ከተሳሳተ፣ በቆዩ መኪናዎች ለሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚያመጣጥነው ክፍል ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተበላሽቷል ማለት ነው።

መርፌው ጨርሶ አይንቀሳቀስም

የጌጁን ሽቦ ከቡልቦው ነቅለው ከብረት ጋር ያገናኙ፤ ነገር ግን በቀጥታ ሳይሆን በትንሽ የ3.4 ዋት አምፖል በኩል ይሁን። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች የሚያዙት እንዲሁ ነው፤ ጌጁ እንዳይቃጠል ይጠብቀዋል። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የቡልቦው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ሽቦው ተቆርጧል፣ አለዚያም ጌጁ ሞቷል።

መርፌው ወጥቶ ድንገት ይወርዳል

ሞተር ከተቀየረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ይህ ሲታይ ውስጡ የቀረ አየር ነው። የመኪናውን አፍንጫ ከፍ ወዳለ ቦታ አቁመው፣ የውስጡን ማሞቂያ ከፍተው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን አንስተው ያስነሱትና አረፋው እስኪያልቅ ውሃ ይጨምሩ። ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ ድንገት ከወረደ ግን ወዲያውኑ ይቁሙ። ውሃው አልቆ ቡልቦው በባዶ አየር ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ መርፌው የወረደው ሞተሩ እየተቃጠለ ባለበት ሰዓት ነው።

ጌጁ መሃል ላይ ነው፣ ውሃው ግን ይፈላል

ይህ የደጋ ሰው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ይህን ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ወይም ከሌላ መኪና የመጣ ልቅ ክዳን ከተገጠመ፣ ለሞተሩ የተለመደ በሆነው ከ90 በላይ ባለው ሙቀት ውሃው ይንተከተካል። ጌጁ አልዋሸም። ክዳኑን ይቀይሩ።

ቡልቦውን በድስት መፈተን

የተገዛው ቡልቦ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ምድጃ ላይ ይታወቃል። ቡልቦውን በሽቦ አንጠልጥለው የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ከጎኑ ቴርሞሜትር ያስገቡ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከቡልቦው እግር፣ ሌላውን ከብረቱ ጋር አገናኝተው በ50፣ በ70፣ በ80 ዲግሪና ሲፈላ የሚያሳየውን ኦም ይጻፉ። «ፈላ፣ ስለዚህ 100 ነው» ብለው የሚመዘግቡ ባልደረቦች አሉኝ፤ አዲስ አበባ ላይ በ8 ዲግሪ ይሳሳታሉ።

ቀጥሎ ጌጁን ለብቻው ይፈትኑ። በቡልቦው ፋንታ 220፣ 100፣ 56 እና 27 ኦም የሆኑ ባለ 5 ዋት ሬዚስተሮችን ተራ በተራ አገናኝተው መርፌው የት እንደሚቆም ይመዝግቡ። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ቡልቦውና ጌጁ ይስማሙ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

ትክክለኛው ቡልቦ ጨርሶ ከጠፋ በሬዚስተር ማቃናት ይቻላል። መርፌው ከፍ የሚል ከሆነ በሽቦዋ መሃል በተከታታይ፣ ዝቅ የሚል ከሆነ ከቡልቦው ጋር ጎን ለጎን ይገጠማል። ለምሳሌ ጌጁ በ90 ዲግሪ 50 ኦም ፈልጎ ቡልቦው 70 ቢሰጥ፣ 175 ኦም ጎን ለጎን ሲጨመር 50 ይመጣል። እኔ ግን ይህን የማደርገው አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው። የሚስተካከለው አንድ ነጥብ ሲሆን ከዚያ በላይና በታች ያለው አሁንም የተዛባ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሽቦውን የሚከፍተው መካኒክም ያን ሬዚስተር ማን ለምን እንዳስገባው አያውቅም። ካደረጉት ወረቀት ጽፈው ኮፋኖው ሥር ይለጥፉ።

ሃይሉክሱን በተመለከተ፣ አሮጌው 3ኤል በባለቤቱ ግቢ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ስለነበር ቡልቦውን ከእርሱ ፈትተን አመጣን። የኮምፒውተሩን ሽቦ ለይተን ወደ ቦታው መለስን፤ ለትንሹ ሞተር የተሠራው ራዲያተርም ለቱርቦው አልበቃ ብሎ ስለነበር በሰፊ ተተካ። የሥራውን አብዛኛውን ቀን የወሰደው ግን የተሰነጠቀው ቴስታታ ነው። ሲጨርስ እንጦጦን አስወጣነው፤ መርፌው መሃል ላይ ሲቆም ጥቁር ቴፑ ላይ 91 አነበብን፣ በጌጁ መስታወት ላይም በዚያው ልክ በነጭ ቀለም አንዲት ነጥብ አደረግን። ባለቤቱ መርፌው ከነጥቧ ካለፈ እንዲቆም ነግረነው ሄደ።