የማይነቅዝ ኪውአር ኮድ በነፃ እንዴት ይሠራል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ አንዲት የባልትና ሱቅ አለች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ሚጥሚጣ። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ «የናቲ እናት» ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ስወርድ ጠሩኝና «አንተ ኮምፒውተር ትነካካ የለ? እስቲ ያቺን ጥቁርና ነጭ ነገር ሥራልኝ» አሉኝ። ሰው የሽሮውን ፌስታል ስካን አድርጎ ቴሌግራም ቻናላቸው ውስጥ እንዲገባ ፈልገው ነው።

«ምን ችግር አለው» አልኩ። ጎግል ላይ «ነፃ ኪውአር ኮድ» ብዬ ፈለግኩና መጀመሪያ የመጣልኝን ዌብሳይት ከፈትኩ። በኢሜይሌ ተመዘገብኩ፣ ሊንኩን አስገባሁ፣ ቀለሙን በርበሬ አስመሰልኩት፣ አወረድኩት። 500 ስቲከር ታተመ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ደንበኛ ደውላ «ኮዳችሁ አይሠራም፣ ክፈሉ ይላል» አለች። ወርጄ ስካን ባደርገው እውነቷን ነው። ቻናሉ የለም። የሚከፈተው የሙከራ ጊዜው አልቋልና ፓኬጅ ግዙ የሚል ገጽ ነው። የናቲ እናት አንዴ ስቲከሩን፣ አንዴ እኔን አዩና «ሽሮው ሳይነቅዝ ኮዱ ነቀዘ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ያጠናሁት።

ነቃዙ የትኛው ነው?

ኪውአር ኮድ ጽሑፍ ነው። በፊደል ፈንታ በጥቁርና ነጭ ካሬዎች ተጻፈ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ የሚባለው ኩባንያ ነው የሠራው፤ የሥራው መሪ ማሳሂሮ ሃራ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ለመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ ነበር የፈለጉት። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ይዞ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ስለዚህ ለስዕሉ ማንም ሊያስከፍላችሁ አይገባም። ስዕሉ ውስጥም ቀን ቆጣሪ የለም።

ታዲያ የኔ እንዴት ሞተ? ኮዱ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው። አንደኛው ስታቲክ ይባላል፤ የናንተ አድራሻ ራሱ ካሬዎቹ ውስጥ ተጽፏል። ሁለተኛው ዳይናሚክ ነው፤ ካሬዎቹ ውስጥ ያለው የዌብሳይቱ አጭር አድራሻ ሲሆን እሱ ነው ሰውን ወደናንተ የሚልከው።

የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ አስቡ። አንዱ «ብሎክ 42፣ 3ኛ ፎቅ» ብሎ ይለጥፋል። ሌላው «ዘበኛውን ጠይቁ» ይላል። ዘበኛው እስካለ ድረስ ሁለቱም ሰው ያደርሳሉ። ዘበኛው ደሞዙ ሲቀርበት ግን «እኔ አላውቅም» ይላል። እኔ 500 ጊዜ «ዘበኛውን ጠይቁ» ብዬ ነው ያሳተምኩት።

ዳይናሚክ ማጭበርበሪያ ነው ማለቴ አይደለም። ስንት ሰው ስካን እንዳደረገ ይቆጥራል፤ ከታተመ በኋላም መድረሻውን መቀየር ይቻላል። ትልቅ ድርጅት ይፈልገዋል። ግን ኪራይ ነው። ለባልትና ሱቅ፣ ለፀጉር ቤት፣ ለጋራዥ ስታቲክ ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ምን እንደምትጽፉበት አስቡ

ሰው ይህን ዘልሎ ወደ መሥሪያው ይሮጣል። ስህተት ነው። ስታቲክ ኮድ አንዴ ከታተመ አይቀየርም፤ ስለዚህ ውስጡ የሚገባው አድራሻ የማይቀየር መሆን አለበት። ኮዱ ባይሞትም ሊንኩ ሊሞት ይችላል።

የናቲ እናት መጀመሪያ የፈለጉት የዋጋ ዝርዝሩ ራሱ እንዲገባ ነበር። የበርበሬ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ስቲከሩ ሳይደርቅ ይቀየራል። መፍትሔው የቻናሉን ሊንክ ማስገባት ነው። ዋጋውን ቻናሉ ላይ ፒን ባደረጉት መልእክት ላይ ይቀያይራሉ። ኮዱ እንዳለ ይቀመጣል። ዳይናሚክ በገንዘብ የሚሸጠውን ነገር በዚህ በነፃ አገኙት ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የቻናሉን ዩዘርኔም ከቀየራችሁ ሊንኩ ይሰበራል፤ ይባስ ብሎ የድሮውን ስም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ስሙን ሳትጨርሱ አታሳትሙ።

ሜኑ ወይም ካታሎግ በፒዲኤፍ ካላችሁ ጎግል ድራይቭ ላይ ጫኑትና ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያየው ፍቀዱ። ዋጋ ሲቀየር አዲስ ፋይል አትጫኑ። እዚያው ፋይል ላይ የቨርዥን ማስተዳደሪያውን ከፍታችሁ አዲሱን በአሮጌው ላይ ጫኑት። ሊንኩ ያው ይሆናል። የራሱ ዌብሳይት ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው፤ ዶሜይኑን (የዌብሳይቱን ስም) በየዓመቱ እስካደሰ ድረስ ዘበኛውም ቤቱም የራሱ ነው።

ሊንክ ማሳጠሪያ (ረጅሙን አድራሻ በአጭር የሚተካ ዌብሳይት) አትጠቀሙ፤ እሱም ዘበኛ ነው። ትልቅ ኩባንያ ነው ብላችሁም አትመኑ። ጎግል ራሱ የማሳጠሪያ አገልግሎቱን በ2019 እ.ኤ.አ. አዲስ ሊንክ እንዳይሠራ አድርጎ ዘግቶታል።

ስልክ ቁጥር ማስገባት ይቻላል፤ ስካን ሲደረግ ደውል ይላል። በ+251 ጀምሩት። የቤት ዋይፋይ ከሆነ አዳዲሶቹ አንድሮይዶች ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋዩን ሼር ስትሉ ኮዱን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ ማተም ነው። ፓስወርዱን እስክትቀይሩ ይሠራል።

የክፍያ ኮድ ግን በራሳችሁ አትሥሩ። የቴሌብርም ሆነ የባንክ ኮድ ከተቋሙ ነው የሚወሰደው። ከተለጠፈ በኋላም ጠዋት ጠዋት በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት፤ አጭበርባሪ የራሱን ስቲከር በላዩ ሊለጥፍ ይችላል።

በፊደላችን መጻፍስ? ይቻላል፣ ግን ቦታ ይበላል። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ ነው) ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ትልቁ ኮድ የሚችለው 2,953 ባይት ነው፤ በአማርኛ 984 ፊደል ገደማ ማለት ነው። ያ ግን ካሬው 177 በ177 ሆኖ ነው። እሱን ስቲከር ላይ ማንም ስልክ አያነበውም። «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ስቲከሩ ላይ በቀለም ጻፉት፤ ኮዱ ውስጥ ሊንክ ብቻ ይግባ።

ሊንኩም አጭር ይሁን። ከፌስቡክ ኮፒ ያደረጋችሁት ሊንክ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ረጅም ጅራት ሊኖረው ይችላል። ጅራቱን ቆርጣችሁ ሞክሩት፤ ገጹ ከተከፈተ ያለ ጅራቱ ይግባ።

ቀጥሎ፦ መሥራት

ይህኛው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት መንገድ ልንገራችሁ፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው።

የቴሌግራም ቻናል ከሆነ ቴሌግራም ራሱ ይሠራዋል። የቻናሉን መረጃ ክፈቱ፤ ከሊንኩ ጎን ትንሽ የኪውአር ምልክት አለች፣ እሷን ንኩ። ጌጠኛ ቀለሞች ያመጣል። ለኅትመት ደማቁን ምረጡ።

ሌላ ገጽ ከሆነ ጎግል ክሮም አለ። ስልክ ላይ ገጹን ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፣ ሼር በሉ፣ ኪውአር ኮድ የሚለውን ምረጡና አውርዱ። ኮምፒውተር ላይ ገጹ ባዶ ቦታ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ ለዚህ ገጽ ኪውአር ኮድ ፍጠር የሚል ይመጣል። መሐል ላይ ዳይኖሰር ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ የምናያትን ዳይኖሰር። የናቲ እናት «ይቺ ዶሮ ምንድን ናት?» ብለዋል። ኮዱን አያበላሸውም።

ሦስተኛው እኔ የምወደው ነው፤ ሊብሬኦፊስ። እንደ ዎርድ ያለ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቨርዥን 6.4 ጀምሮ የኪውአር መሥሪያ አለው። ኢንሰርት ውስጥ ግቡ፣ ኦኤልኢ ኦብጀክት፣ ከዚያ ኪውአር ኤንድ ባርኮድ። ሊንኩን ለጥፉ፣ ኦኬ። ከዚያ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ኔትወርክ ሲጠፋም ላፕቶፑ ቻርጅ ካለው ይሠራል። ሰፈራችንን የሚያውቅ ይህን ያደንቃል።

በዌብሳይት ካልሆነ አልሠራም የሚል ሰው ስታቲክ የሚለውን ይምረጥ። መመዝገብ ግዴታ ነው ካለ፣ «በኋላ መቀየር ይችላሉ» ካለ፣ «ስንት ሰው እንዳየው ይከታተሉ» ካለ፣ ዳይናሚክ ሳይሆን አይቀርም። ውጡ።

ሊብሬኦፊስ ስትጠቀሙ የስህተት ማረሚያ ደረጃ ይጠይቃችኋል። አራት ናቸው፤ ከኮዱ 7፣ 15፣ 25 ወይም 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ ሊያነብ የሚችል። ከፍተኛው ይሻላል ትሉ ይሆናል፤ ዋጋ አለው። 12 ፊደል ስም ያለው የቴሌግራም ቻናል ሊንክ 25 ባይት ነው። በ15 በመቶው 25 በ25 ካሬ ይሆናል። በ30 በመቶው 33 በ33። ካሬዎቹ በበዙ ቁጥር እየደቀቁ ይሄዳሉ። የሽሮ ብናኝ የሚያርፍበት፣ አቧራ የሚመታው ቦታ ከሆነ 30ውን ውሰዱና ስቲከሩን ተለቅ አድርጉ። ቢዝነስ ካርድ ከሆነ 15ቱ ይበቃል። መሐሉ ላይ ሎጎ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰውም የሚበላው ከዚሁ መጠባበቂያ ላይ ነው።

ሳታሳትሙ በፊት ፈትኑት

የኔን 500 ስቲከር ያስከፈለችው ይህቺ ደረጃ ናት። አልፈተንኩም አልልም፤ ፈትኜ ቻናሉ ሲከፈት ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። መታየት ያለበት ምን ተከፈተ ሳይሆን ምን ተጻፈ ነው።

ካሜራውን ኮዱ ላይ አድርጉ። ሊንኩ ሲመጣ አትክፈቱት። ኮፒ አድርጋችሁ ኖት ላይ ለጥፉትና ፊደል በፊደል አንብቡት። የራሳችሁ አድራሻ ከሆነ ስታቲክ ነው፤ ማንም አይዘጋባችሁም። የማታውቁት አጭር ስም ከሆነ ዘበኛው ቆሟል ማለት ነው። ጣሉት፣ እንደገና ሥሩ።

ከዚያ በሦስት ስልክ ሞክሩት። አንዱ የግድ አሮጌ፣ ሌንሱ የተጫረ ይሁን። የኔ መፈተኛ የጥበቃው ስልክ ነው። እሱ ላይ ከሠራ ሁሉም ላይ ይሠራል።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ

ፋይሉን ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ጨምቆ ያደበዝዘዋል። እንደ ፋይል ላኩት። የፋይሉ ዓይነት ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ ከሆነ የፈለገ ቢለጠጥ አይደበዝዝም። ፒኤንጂ ከሆነ ትልቁን መጠን አውርዱ።

ዲዛይነሩን አትመኑት፤ በፍቅር ነው የምላችሁ። ቦታ ለማብቃቃት በኮዱ ዙሪያ ያለውን ነጭ ይቆርጠዋል። ያ ነጭ ጌጥ አይደለም፤ ስልኩ ኮዱ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በሱ ነው። በአራቱም ጎን ቢያንስ 4 ካሬ ያህል ይተው። ወደ ጎን መለጠጥም የለም።

ቀለሙ ጥቁር በነጭ ይሁን። በርበሬ የመሰለው ቀለሜ ቀን ቀን ደህና ነበር፤ ማታ ሱቋ አምፖል ሥር ግን ስልኩ ይንገታገት ነበር። ግልጽ ፕላስቲክ ስቲከርም አታድርጉ። ከኋላው በርበሬው ስለሚታይ ጥቁሩ ከቀዩ ጋር ይዋሐዳል። ከኋላው ነጭ ያለው ይሁን።

መጠኑን በርቀት አስሉት፤ ስካን የሚደረግበትን ርቀት ለ10 ማካፈል ነው። ፌስታል እጅ ላይ ስለሚያዝ 3 ሳንቲም በቂ ነው። ከሁለት ሜትር የሚታይ ታፔላ ላይ ከሆነ 20 ሳንቲም። ፌስታሉ የሚጨማደድበት ጠርዝ ላይ አትለጥፉ፣ መሐል ሆዱ ላይ ይሁን። ከኮዱ ሥር ደግሞ ሊንኩን በንባብ ጻፉት። ስካን የማያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ በኛ ሰፈር።

መጀመሪያ 500 አታሳትሙ። 20 አሳትሙ፣ ለጥፉ፣ ሳምንት ይቆይ። እኛ ሁለተኛውን ዙር እንደዚያ አደረግን። ናቲ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይለጥፋል፤ በአንዱ 50 ሳንቲም ተዋውሏል። አሮጌው ስቲከር ሰፋ ያለ ስለነበር በጠርዙ በኩል ያ የበርበሬ ቀለሜ ትንሽ ትንሽ ይታያል። እናቱ ይቺ ትቆይ ብለዋል።