ናቹራል ወይስ ሶሻል? የ11ኛ ክፍል ምርጫን እንዴት መወሰን ይቻላል

«ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ ሰነፍ ሶሻል ይገባል።» ይህን አባባል ከልጆቹ ይልቅ ከወላጆቻቸው አፍ ነው የምሰማው። አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የ10ኛ ክፍል ኃላፊም ነኝ። ልጆቹ 11ኛ ክፍል ሲገቡ ከሁለቱ አንዱን ይይዛሉ። ከዚያ ወዲያ የሚማሩት፣ የሚፈተኑትና ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚመደቡት በዚያው መስመር ነው። ይህን የሚያህል ውሳኔ በወሬና በጓደኛ ግፊት ሲወሰን በየዓመቱ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠን የምንሠራበትን መንገድ አስፍሬዋለሁ። ግንቦት ላይ ጀምሩት። ምዝገባ ሲደርስ መሯሯጥ ጥሩ አይደለም።

1. የትኛው ወዴት እንደሚወስድ እወቁ

ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ነው። ሂሳብና እንግሊዝኛ ሁለቱም ጋ አሉ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አፕቲትዩድም (የማሰብ ችሎታ መለኪያው) ሁለቱም ጋ አለ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ምህንድስና እና ግብርና የሚፈልግ ልጅ ናቹራል ይገባል። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ጋዜጠኝነት ወይም ሶሺዮሎጂ የሚፈልግ ሶሻል። እዚሁ ከተማችን ያለው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (አስቱ) የሚቀበለው ከናቹራል የመጡትን ነው፤ የራሱ የመግቢያ ፈተናም አለው። «ቤቴ እያደርኩ አስቱ እማራለሁ» የሚል ልጅ ይህን ሳያውቅ ሶሻል እንዳይገባ።

ዲፓርትመንት ግን አሁን አትምረጡ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ አብዛኛው የዲፓርትመንት ምደባም ከዚያ በኋላ በፍላጎትና በውጤት ነው የሚሆነው። የ16 ዓመት ልጅ «ሲቪል ወይስ ኤሌክትሪካል» ብሎ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

2. ካርዱን በትምህርት ዓይነት አንብቡት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ወላጅ ካርድ ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አማካይና ደረጃ ላይ ነው። ሁለቱም ለዚህ ውሳኔ አይጠቅሙም። የማያቸው ካርዶች ብዙዎቹ ይህን ይመስላሉ፦ አማርኛ 94፣ ኦሮምኛ 91፣ ስፖርት 93፣ ዜግነት 90፣ አይሲቲ 90፣ ታሪክ 85፣ ጂኦግራፊ 84፣ ኢኮኖሚክስ 82፣ እንግሊዝኛ 76፣ ባዮሎጂ 73፣ ኬሚስትሪ 61፣ ሂሳብ 58፣ ፊዚክስ 57። አማካዩ ወደ 80 ይጠጋል። አባት ይህን አይቶ «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ናቹራል ይግባ» ይላል።

አሁን ሌላ ነገር እንሥራ። ወረቀት አውጡና ካርዱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። የዚህ ልጅ የአምስቱ አማካይ 65 ነው። በሌላ በኩል ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። ይህኛው 77 ይሆናል። ወደ 80 ያስጠጉት አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ስፖርቱና ዜግነቱ ነበሩ። እነሱ ደግሞ 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የሉም።

በዚህ አታብቁ። ከ9ኛ ክፍል አንደኛ ሴሚስተር ጀምሮ ያሉትን ካርዶች ደርድሩ። ፊዚክስ 48፣ 52፣ 55፣ 57 እያለ የመጣ ልጅና 75፣ 69፣ 62፣ 57 እያለ የወረደ ልጅ ዛሬ ላይ እኩል ናቸው፤ ነገ ግን እኩል አይሆኑም። የመጀመሪያው እየገባው ነው፣ ልቡ ናቹራል ከሆነ እኔ አልከለክለውም። ሁለተኛው ላይ ምን እንደተፈጠረ ግን መጠየቅ አለበት። አስተማሪ ተቀይሮበት ነው? ታሞ ነው? ወይስ ትምህርቱ እየከበደ ሲመጣ ጥሎት ሄደ?

አንድ ነገር ደግሞ አስተማሪ ሆኜ በግልጽ ልናገር። ካርድ ላይ ያለው ቁጥር የልጁ ብቻ አይደለም። ከ100 ውስጥ ብዙው የሚመጣው ከቴስት፣ ከአሳይመንት፣ ከቡድን ሥራና ከደብተር ነው። በቡድን ሥራ አንዱ ሠርቶ አምስቱ እኩል ያገኛሉ። ስለዚህ አስተማሪውን ሄዳችሁ የፋይናሉን ውጤት ለብቻው ጠይቁ። አስተማሪው መዝገቡን ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ለወላጅ ለማሳየት አይከብደውም። ካርዱ ላይ 78፣ ፋይናሉ ላይ ግን ከግማሽ በታች ከሆነ እውነቱ ፋይናሉ ነው።

3. በአሮጌ ፈተና ራሳችሁን ሞክሩ

የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ ፈተናው ሌላ ሆኗል። ኩረጃው ሲቆም የታየው ነገር ሁላችንንም አስደንግጧል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ጨምሮ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። ያኔም ከአሥር አንድ አልሞላም። ስለዚህ ከማንኛውም ህልም በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ልጁ 50 በመቶን የሚሻገረው በየትኛው ነው?» የሚለው ነው። ሐኪም የመሆን ምኞት ይህን መስመር ካላለፈ ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ተጠርዘው ይሸጣሉ። ቴሌግራም ላይም ሞልተዋል፤ እዚያ ያለውን መልስ ግን አትመኑት፣ ብዙ ጊዜ ስህተት አለበት። አስተማሪ ያስተያያችሁ። ፈተናው የ11ኛና የ12ኛን ስለሚጨምር አስተማሪው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ጥያቄዎችን ይምረጥላችሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የናቹራል፣ ሌላ ቅዳሜ አንድ የሶሻል ትምህርት ልጁ ይሥራ። ስልኩን ለእናቱ ይስጥ። እያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ከሦስት ምልክት አንዱን ያድርግ፦ አውቄ፣ ተጠራጥሬ፣ ገምቼ። ይህቺ ምልክት ናት ዋናዋ። ጥያቄው ባለ አራት ምርጫ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ልጅም ከአራት አንዱን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ 40 አመጣሁ ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። «አውቄ» ያለባቸውን ብቻ ቆጥራችሁ ሁለቱን መስመር አስተያዩ። የኔ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሐሳባቸውን የሚቀይሩት እዚህ ላይ ነው። ከናቹራል ወደ ሶሻል የሚቀይር አለ፤ ከሶሻል ወደ ናቹራል የሚቀይርም አይቻለሁ።

4. ከሂሳብ ለመሸሽ ሶሻል አትግቡ

ይህ ደረጃ ሳይሆን ልመና ነው። የሶሻል አስተማሪ ስለሆንኩ ደግሞ የመናገር መብቱ አለኝ።

አንድ ተማሪዬ ሂሳብ ስለማይወድ ብቻ ሶሻል ገባ። ታሪክ ላይ ሰቃይ ነበር፣ ጂኦግራፊም ጎበዝ። 11ኛና 12ኛን ሂሳብ ሳይነካ አለፈ ማለት ይቻላል። ፈተናው ላይ ታሪክና ጂኦግራፊ እንደጠበቅነው አመጣ። ሂሳብና አፕቲትዩድ ግን ጎትተው ጣሉት፤ 50 በመቶውን ለትንሽ ሳተው። ሬሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) ሲገባ እዚያም ሂሳብ ጠበቀው። የሚፈልገው ደግሞ አካውንቲንግ ነበር።

ሂሳብ የሶሻልም ትምህርት ነው። ኢኮኖሚክስ በግራፍና በቀመር ይሄዳል፤ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ያለ ቁጥር አይሆኑም። እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ እንኳ የካርታ ስኬል፣ የሕዝብ ጥግግትና የአየር ንብረት ስሌት አለበት። ሂሳብ የከበደው ልጅ መፍትሔው መስመር መቀየር አይደለም። ክረምቱን የ9ኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ከፍቶ ከመጀመሪያው ይጀምር። ማጠናከሪያ የምታስገቡት ከሆነ ለአምስት ትምህርት ከመክፈል ለሂሳብና ለእንግሊዝኛ ብቻ ክፈሉ። በሁለቱም መስመር የሚያገለግለው እሱ ነው።

5. ሥራውን የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ

ኢንተርኔት ላይ «ተፈላጊ ሙያዎች» የሚሉ ዝርዝሮችን ብዙም አልወዳቸውም። የሌላ አገር ሰው ለሌላ አገር የጻፋቸው ናቸው። አዳማ ላይ ዙሪያችሁን ማየት ይሻላል።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እነሱን የሚከታተለው ኤሌክትሪካልና ሜካኒካል ያጠና ሰው ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ይራገፋል፤ እዚያ ትራንዚተር፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የጉምሩክ ሠራተኛና መካኒክ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኬሚስትም የግብርና ባለሙያም ይፈልጋል። ሆስፒታሎቹ፣ ባንኮቹ፣ የስብሰባ ሆቴሎቹ፣ ፍርድ ቤቱ ሁሉም ደጃችን ናቸው።

ከዘመድ፣ ከጎረቤት ወይም ከዕድር ሰው በኩል ሁለት ሦስት ሰው ፈልጉ። ልጁ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፦ «ጋሼ፣ ጠዋት ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚሠሩት ምንድን ነው? ከተማሩት ውስጥ እስካሁን የሚጠቀሙበት የቱን ነው? እዚህ ለመድረስ ምን ፈጀብዎት?» ደሞዝ ከመጠየቅ በፊት እነዚህን። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆም እንዳለ ሰምታ ባዮሎጂን ይበልጥ የወደደች ልጅ አውቃለሁ። ሕግ ማለት እንደ ፊልሙ መከራከር ብቻ መስሎት የነበረና የሚነበበውን ፋይል ብዛት ሲያይ ዝም ያለም አለ።

የማይወዱትን ተምሮ መጨረስም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከ2015 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ መውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ለማለፍ 50 በመቶ ያስፈልጋል።

6. ወላጅና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ

እስካሁን የሠራችሁት ወረቀት ሁሉ ለዚህ ነው። ልጁ አባቱን «እኔ ሶሻል ነው የምፈልገው» ብሎ ብቻ ቢናገር ስንፍና ይመስላል። «አባዬ፣ ይኸው የአራት ሴሚስተር ካርዴ፣ ይኸው የሠራሁት ፈተና፣ ይኸው ያነጋገርኳቸው ሰዎች» ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። ወላጆች ለልጃቸው ክፉ አያስቡም፤ የሚፈሩት እንዳይራብ ነው። ያንን ፍርሃት በቁጥር መልሱላቸው።

ወላጆችም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጃችሁን ከአጎቱ ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ካርዱ የሚያሳየውን አብራችሁ እዩ። ክርክሩ ከጠነከረ የክፍል ኃላፊውን ጥሩ፤ ለዚህ ነው ያለነው።

ሁለቱም መስመር እኩል ቢወጣስ? ልጁ ሳይንሱን ካልጠላው ናቹራል እላለሁ። ናቹራል ጨርሰው በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ የተማሩ ልጆች አውቃለሁ፤ ከሶሻል ተነስቶ ሕክምና የገባ ግን አላየሁም። ይህ ግን እኩል ለወጣለት ልጅ ብቻ ነው። 65 እና 77 እኩል አይደሉም።

7. ትምህርት ቤቱን መርምሩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት የሶሻል ክፍል ጨርሶ አይከፍትም፤ ልጁ ሳይፈልግ ናቹራል የሚገባውም ስለዚህ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለቱም ክፍሎች መኖራቸውን ጠይቁ። ናቹራል ከሆነ ላቦራቶሪው ይከፈታል ወይስ ቁልፍ እንደተንጠለጠለበት ነው? የፊዚክስና የሂሳብ አስተማሪው ማን ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል? እዚያው የሚማር የ12ኛ ክፍል ልጅ በር ላይ አግኝታችሁ ብትጠይቁት ከቢሮው የተሻለ ይነግራችኋል።

8. ገብታችሁም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተከታተሉ

ከጀመሩ በኋላ መቀየር የሚፈልጉ አሉ፤ ምንም ነውር የለውም። ግን ፍጥነት ይጠይቃል። ሌላኛው ክፍል በየቀኑ ወደፊት እየሄደ ነው፣ ያመለጠውን ምዕራፍ የሚያስተምር ማንም የለም። በመስከረም መጨረሻ ልጁ ደብተሩን ይዞ ይቀመጥ። አስተማሪው ክፍል ውስጥ የሠራውን ጥያቄ ሸፍኖ ራሱ ይሥራው። በየትምህርቱ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አብዛኛውን ካልቻለና ምክንያቱ አለማጥናት ካልሆነ፣ ወላጅ በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ይምጣ። ማመልከቻው በወላጅ ፊርማ ለርእሰ መምህሩ ይገባል። ከማመልከቻው ጋር የካርዶቹን ኮፒ አያይዙ፤ የመጀመሪያው ቴስት ሳይሰጥም አድርሱት።