ለሳምባ ሕመምተኛ የቤት ውስጥ ኦክስጅን፦ ማዘዣው የሚወጣው በቁጥር ነው

እናቴን ይዤ ክሊኒክ የሄድኩ ቀን ነርሷ ጣቷ ላይ የሰካችው፣ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ 92 አሳየ። «ጥሩ ነው፤ ኦክስጅን አያስፈልጋቸውም» ተብለን ተመለስን። እናቴ ግን ከአልጋዋ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ተደግፋ የምታርፍ ሴት ነበረች። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ከእጅ አንጓዋ ደም ተወስዶ እንዲለካ አዘዘ፤ የኦክስጅኗ ግፊት 54 ሆኖ ተገኘ። የኦክስጅን መሣሪያውን ቤታችን ያስገባው ይህ ቁጥር ነው። መሃል ላይ የባከኑት ሁለት ወራት ዛሬም ያንገበግቡኛል። አዲስ አገር ገብታችሁ፣ ቋንቋውም አሠራሩም ገና ግራ እያጋባችሁ፣ ሳምባው የታመመ ሰው የምታስታምሙ ወይም ራሳችሁ የታመማችሁ ከሆነ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። የቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚታዘዘው ትንፋሽ ስላጠረ አይደለም፤ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስላነሰ ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ደሙ ውስጥ በቂ ኦክስጅን እያለ አንድ ፎቅ መውጣት የሚያቅተው ሰው አለ። ቁጥሩ 86 በመቶ ሆኖ ቁጭ ብሎ ጨዋታ የሚያወራም አለ። ለመጀመሪያው የሚሻለው ወደ ውስጥ የሚሳብ መድኃኒትና በባለሙያ የሚመራ የሳምባ ማገገሚያ ስፖርት ነው። ኦክስጅን ለሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሐኪም ፊት «ትንፋሽ ያጥረኛል» ማለት ብቻውን ማዘዣ አያስገኝም። መለካት ያስፈልጋል፤ በትክክለኛው ጊዜ፣ በትክክለኛው መንገድ።

ቁጥሮቹ

በብዙ አገሮች ያለው መለኪያ ተቀራራቢ ነው። ሰውየው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ከደም ወሳጅ ቧንቧ በተወሰደ ደም የኦክስጅኑ ግፊት 55 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ረጅም ሰዓት የሚወሰድ ኦክስጅን ይታዘዝለታል። በኪሎፓስካል በሚለኩ አገሮች ወረቀቱ ላይ 7.3 የሚል ታያላችሁ፤ ያው ነው። ግፊቱ ከ56 እስከ 59 ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልክት ይፈለጋል፦ የቀኝ ልብ መድከም፣ የእግር እብጠት፣ ወይም ቀይ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ መብዛት። በመቶኛ ሲነገር ድንበሩ 88 አካባቢ ነው።

ይህ ድንበር ዝም ብሎ የተሰመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ በወጣ ጥናት ሲኦፒዲ የሚባለው የሳምባ ሕመም ያለባቸውና ኦክስጅናቸው በጣም የወረደ 87 ሰዎች ለአምስት ዓመት ተከታትለዋል። በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ከወሰዱት 42 ሰዎች የሞቱት 19 ነበሩ፤ ካልወሰዱት 45 ሰዎች ግን 30ዎቹ ሞተዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የወጣ፣ 738 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ቁጥራቸው በመጠኑ ብቻ ለወረደ ሰዎች ኦክስጅን ዕድሜም እንደማያራዝም፣ ሆስፒታል ከመግባትም እንደማያድን አሳይቷል። «አይገባዎትም» ሲባሉ ብዙዎች መጤ ስለሆንኩ ነው ብለው ይከፋሉ። አንዳንዴ ንቀት ሊኖር ይችላል፤ አልክድም። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ይህ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ «ቁጥሬ ስንት ነው? በጣት ነው ወይስ በደም የተለካው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት።

የጣት መለኪያውን ብቻ አትመኑ

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ የሚያነበው ብርሃን በቆዳ አሳልፎ ነው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ካሳየላቸው ሕመምተኞች ውስጥ በደም ሲለካ ከ88 በመቶ በታች ሆነው የተገኙትን ቆጠሩ። ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበሩ። እናቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መሣሪያው «92» ሲል ድንበሩን ያለፈች መስላ ታየች እንጂ አላለፈችም።

ስለዚህ የጣቱ ቁጥር ከ88 እስከ 93 ባለው ውስጥ ከሆነና ሰውየው እየደከመ ከሄደ የደም ምርመራውን ጠይቁ። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «የጣት መለኪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል አውቃለሁ። ከደም ወሳጅ ቧንቧ እንዲለካልኝ እፈልጋለሁ።» ይህን ያለ ሰው ባለጌ አይባልም፤ ሐኪሞች ያውቁታል። መርፌው ከተለመደው የክንድ መርፌ ይልቅ ያማል፤ የልብ ምት ከሚዳሰስበት ከእጅ አንጓ ነው የሚወሰደው። ለእናቴ ቀድመን ስላልነገርናት ደንግጣ እጇን ሰበሰበች፤ ሁለተኛ መወጋት ግድ ሆነ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀድሞ ይናገር። ከተወጋ በኋላም ቦታው ለጥቂት ደቂቃ ጠበቅ ተደርጎ መያዝ አለበት።

በጣት ሲለካም ቢሆን የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ካለ ይለቅ፣ የቀዘቀዘ እጅ ይሙቅ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠበቅ።

መቼ፣ እንዴት፣ ማን ይለካል?

መንገዱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከቤተሰብ ሐኪም ነው። እሱ ወደ ሳምባ ስፔሻሊስት ሪፈር ይጽፋል፤ ማዘዣውን የሚያወጣው በብዙ ቦታ ስፔሻሊስቱ ወይም የኦክስጅን ክፍሉ ነው። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል አገር ውስጥ እንደገባችሁ መመዝገብ ይሻላል፤ ሕመሙ እስኪጠና አትጠብቁ። የድሮ ራጅ፣ የምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒት ስም፣ የቲቢ ሕክምና ወረቀት ካለ ያዙ። ቲቢ ከዳነ በኋላም ሳምባ ላይ ጠባሳ ትቶ ስለሚሄድ መደበቅ አይጠቅምም። ሐኪሙ «ያጨሳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ «አላጨስም» ብላችሁ አትቁሙ፤ ለብዙ ዓመት በእንጨት ወይም በኩበት ጭስ ያበሰለ ሰው ያንን ይናገር። ለሲኦፒዲ የሚዳርገው ሲጋራ ብቻ አይደለም፣ ሐኪሙ ግን ካልተነገረው ላያስበው ይችላል።

ከፍታ ቦታ ላይ የተለካ የድሮ ቁጥር ለማዘዣ አይበቃም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የጤነኛ ሰው ቁጥር እንኳ ዝቅ ይላል፤ ወደ ባሕር ጠለል የቀረበ ከተማ ስትገቡ ከፍ ይላል። ስለዚህ እንደ አዲስ ይለካል።

ልኬቱ የሚሠራው ሕመሙ ረግቶ ሳለ ነው። በሳምባ ምች ወይም በጉንፋን ምክንያት ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ሰው ለጊዜው ኦክስጅን ተሰጥቶት ሊወጣ ይችላል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና መለካት አለበት። በእንግሊዝ መመሪያ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል፣ ደሙም ቢያንስ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ይለካል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ከተሻለ ኦክስጅኑ ይነሣል። ይህ የምሥራች እንጂ ክልከላ አይደለም። ቀጠሮውን ግን አትዝለሉት፤ አንዳንድ ኢንሹራንስ ልኬቱ ካልታደሰ ክፍያውን ያቆማል።

ተቀምጦ ደህና የሆነ ሰው ሲራመድ ሊወርድ ይችላል፣ ሲተኛም እንዲሁ። ስለዚህ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ልኬትና፣ ሐኪሙ ካመነበት፣ የሌሊት ልኬት እንዲሠራ ጠይቁ። በጉዞው ወቅት ጎበዝ ለመምሰል ትንፋሽ ቋጥሮ መሮጥም፣ ፈርቶ መጎተትም አያስፈልግም። ቤት ውስጥ እንደምትራመዱት ተራመዱ።

አስተርጓሚ ጠይቁ። በብዙ አገሮች ሆስፒታሉ በነጻ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ሲያዝ ነው የሚነገረው። ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ልጅ የእናቱን መድከም አሳንሶ ይናገራል፣ ወይ ራሱ ይደነግጣል። «እንዴት ነዎት?» ሲባል ደግሞ አፋችን ላይ የሚቀድመው «ደህና ነኝ» ነው። በዚያ ወንበር ላይ ይህ ቃል ጉዳት አለው። በምትኩ ስንት እርምጃ ተራምዳችሁ እንደምትቆሙ፣ ልብስ ስትለብሱ ታርፉ እንደሆነ፣ ስንት ትራስ ደራርባችሁ እንደምትተኙ ንገሩት።

ወረቀቱ ሲወጣ

ከክፍሉ ሳትወጡ ማዘዣውን አንብቡ ወይም አስነብቡ። በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ለዕረፍት፣ ለእንቅስቃሴና ለእንቅልፍ ለየብቻ፤ በቀን ስንት ሰዓት፤ ከቤት ውጭ የሚያዝ ይጨምር እንደሆነ። አንዱ ባዶ ከሆነ አቅራቢው ድርጅት ይመልሰዋል፣ ሳምንታትም ያልፋሉ።

በአብዛኛው የሚመጣላችሁ ኮንሰንትሬተር ነው። ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ የክፍሉን አየር ይስብና ናይትሮጅኑን አጣርቶ ኦክስጅኑን በቱቦ ወደ አፍንጫ ይልካል፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ «አያልቅም»። ለመብራት መጥፊያ መጠባበቂያ ሲሊንደር ይጠየቃል። ለመብራት አቅራቢው ድርጅት ቤት ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እንዳለ አሳውቁ፤ በአንዳንድ አገሮች ቅድሚያ የሚሰጣቸው ደንበኞች መዝገብ አለ፣ የፍጆታው ወጪም የሚተካበት አለ። መሣሪያውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰኩት፣ ከመጋረጃም አርቁት።

በትከሻ የሚያዘው ትንሹ ኮንሰንትሬተር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰውየው አየር ሲስብ ብቻ በምት በምት ነው። እሱ ላይ የተጻፈው «2» በደቂቃ ሁለት ሊትር ማለት አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት እየተራመዳችሁ ይለካላችሁ፤ በኢንተርኔት አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ።

ዕድሜ የሚያራዝመው ኦክስጅን በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት የሚወሰደው ነው፤ ሌሊቱን ጨምሮ ማለት ነው። እናቴ መጀመሪያ ላይ ሱስ ይሆንብኛል ብላ ሲጨንቃት ብቻ ትሰካው ነበር። ሱስ አያስይዝም፤ ሰውነት ያጣውን ነው የሚተካው። እንግዳ ሲመጣም ቱቦውን ነቅላ ትራስ ሥር ትደብቀው ነበር። አንድ ቀን ከንፈሯ ሲጠቁር ያየች ጎረቤት ራሷ «እማማ፣ ይልበሱት እንጂ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ነው ያልደበቀችው።

ሐኪም ሳያዝ ሊትሩን ከፍ ማድረግ ግን አደጋ ነው። አንዳንድ የሳምባ ሕመምተኛ ኦክስጅን ሲበዛበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መቀባዠር ከታየ በአስቸኳይ ሕክምና ይጠራ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ አምቡላንስ ሲመጣ የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 ባለው እንዲቆይ ነው፤ ይህ የተጻፈበት ካርድ ካላችሁ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

እሳት

ኦክስጅን ራሱ አይቀጣጠልም፤ ሌላውን ግን በቅጽበት ያቀጣጥላል። ልብስ፣ ፀጉርና ብርድ ልብስ ውስጥም ይገባል። በዚያ ቤት ውስጥ ሲጋራ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራም ቢሆን፣ በማንም አይጨስ። ከሻማ፣ ከክብሪት፣ ከጋዝ ምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ነው። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ክፍሉ ይናፈስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቅ። ለደረቀ አፍንጫ ቫዝሊን አትቀቡ፤ በውኃ የተሠራ ቅባት ፋርማሲ ይጠየቃል። የጭስ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ፈትሹ። ቱቦው ምንጣፍ ሥር አይግባ፤ እግር እንዳያደናቅፍ በግድግዳ ጥግ ይለፍ።

መብረር ካሰባችሁ

አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ነው። መሬት ላይ የተስተካከለ ሊትር እዚያ ላይበቃ ይችላል፤ ሄዳችሁ የምታርፉበትም ቦታ ከፍታ ከሆነ እንዲሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስፔሻሊስቱን አነጋግሩ፤ ስስ አየር አስተንፍሶ የሚለካ ምርመራ አለ። የራስን ሲሊንደር ይዞ መሳፈር ብዙ አየር መንገዶች አይፈቅዱም፤ በትከሻ የሚያዘውን ኮንሰንትሬተር ግን ሞዴሉ ከተፈቀዱት ውስጥ ከሆነ ይቀበላሉ። የሐኪም ፎርም ይጠይቃሉ፣ ቀድሞ ማሳወቅም ግድ ነው። ባትሪው ለበረራው ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ የሚበቃ ይሁን፤ ትርፍ ባትሪዎቹ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ውስጥ።